አቶ ሣህሉና ማንም የማይፈልገው ሜዳ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ለመስክ ሥራ ሲላክ የሚደሰትበት ምክንያት ከሥራው ጋር ምንም የማይገናኝ። አንዱ የዓሣ መንጠቆውን በፋይሎች መካከል ደብቆ ይሄዳል። ሌላው በደረሰበት ከተማ ሁሉ የዳማ ተጫዋች ሲያፈላልግ ያመሻል። ሥራውን ሠርቶ፣ አበሉን በልቶ ይመለሳል፤ ልቡ የሄደው ግን ለሌላ ነገር መሆኑን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ያውቃል። አገር የቆመው በእነዚህ ሰዎች ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራዬ ከእነሱ በቀር ደስ ብሎት ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሠራተኛ አላየሁም።

የእኛ ሰው ክቡር አቶ ሣህሉ ነበሩ። የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ናቸው። በዓመት ሦስት ጊዜ ከአዲስ አበባ በባቡር እየመጡ የድሬዳዋ ቅርንጫፋችንን የመጋዘን ሚዛን ይፈትሹ ነበር። በአንድ እጃቸው የናሙና ክብደቶች የተደረደሩበትን የእንጨት ሳጥን ይይዛሉ፤ በሌላው በጆንያ የተጠቀለሉ አምስት የጎልፍ ዱላዎችን። ዱላዎቹ በንጉሡ ዘመን ረዳት ሆነው የሠሩለት የአንድ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበሩ። ሰውየው አገሩ ሲገባ ዱላውንም በሽታውንም አውርሷቸው ሄደ።

ችግሩ ጎልፍ የደመወዝተኛ ጨዋታ አለመሆኑ ነው። አቶ ሣህሉ እንደሚሉት አዲስ አበባ ባለው ሜዳ አንድ ቀን ለመጫወት የሚጠየቀው ገንዘብ ቤተሰባቸውን ሳምንት ያበላል። ስለዚህ ለሥራ በሄዱበት ከተማ ብቻ፣ ያውም በነፃ ለመጫወት ወሰኑ። ከባቡር እንደወረዱ አልጋ አይጠይቁም፤ ውሃም አይጠይቁም። ላገኙት ሰው የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦

"እዚህ አገር ማንም የማይፈልገው ሜዳ የት ነው?"

በዚህ ጥያቄ ምሥራቁን በሙሉ አጥንተውታል። ሚኤሶ፦ "ከጣቢያው ጀርባ፣ አራት ጉድጓድ፤ ግመል ካልተኛበት ጥሩ ነው።" ጅጅጋ፦ "ሰፊ ነው፤ ነፋሱ ግን ኳሱን ለራሱ ይወስዳል።" ሐረር፦ "ዳገት ነው። የመቱትን ኳስ ሐማሬሳ ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል።" አንድ ጊዜ ባቡሩ በጦር ማሠልጠኛው በሁርሶ ሲያልፍ በመስኮት እያዩ "አሥራ ስምንት ጉድጓድ ይወጣዋል" ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ። አጠገባቸው የተቀመጠው መቶ አለቃ ዘወር አለና "ምን ዓይነት ጉድጓድ?" አላቸው። እስከ ድሬዳዋ ድረስ አስረዱት። ሲወርዱ መቶ አለቃው "ታዲያ ጠላት በየት በኩል ነው የሚመጣው?" አለኝ ብለው ሲነግሩን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

የድሬዳዋው ሜዳቸው ደቻቱ ነበር፤ የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው አሸዋማ የወንዝ ወለል። ውሃ የሚያልፍበት በዓመት ጥቂት ቀን ነው። በቀረው ጊዜ አህያ፣ ፍየልና መንገደኛ ያልፍበታል። አቶ ሣህሉ ለኳሱ ጉድጓድ እንዲሆኑ ዘጠኝ ባዶ የወተት ጣሳ አሸዋው ውስጥ ቀበሩና "ክለብ" አሉት። የሚጫወቱት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያስጠጋም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድሬ ጫቷን ይዛ በርጫ ላይ ስለሆነች ኳስ ቢጠፋ እንኳ የሚፈልግ ሰው አይገኝም።

የመጀመሪያው የክለቡ ችሎት የተሰየመው በኢድል ምክንያት ነው። ኢድል ከመጋላ በኩል በየጠዋቱ የግመል ወተት ይዛ ወንዙን የምትሻገር ጠንካራ ሴት ነበረች። አንድ ቀን የአቶ ሣህሉ ኳስ የወተት ዕቃዋን ጓ! አደረገው።

"ዋርያ! ሰው በድንጋይ ትመታለህ?"

"ድንጋይ አይደለም እመቤቴ፤ ኳስ ነው።"

"ኳስ በእግር ነው! ይሄ እንቁላል ነው! ወላሂ ወተቴ ቢፈስ ኖሮ አንተን ነበር የማልበው!"

ኳሱን አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። አቶ ሣህሉ ወተት ካልገዙ አልመልስም አለች። ገዙ፤ ጠጡ፤ ኳሱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኢድል ባለፈች ቁጥር አንድ ኩባያ መጠጣት ግዴታ ሆነ። እሳቸውም ቢሮ መጥተው "ወይዘሪት ሰርካዲስ፣ መግቢያው አንድ ኩባያ የግመል ወተት የሆነ ክለብ በዓለም ላይ የት አለ?" አሉኝ። በደረታቸው ላይ ኒሻን የተሰካላቸው ያህል ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

ሁለተኛው የክለቡ አባል ዱዓሌ ነው፤ የመጋዘናችን መዛኝ። ጺሙ የሸበተ፣ ድምፁ ከባቡር ፉጨት በላይ የሚሰማ። ዱዓሌ ማንንም አንቱ አይልም። ድሬ ውስጥ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፤ ሙቀቱ አይፈቅድም። የመጀመሪያውን ጠዋት ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ቆየና፦

"አቦ ሣህሉ፣ ይሄ የገና ጨዋታ ነው። ሌላው ቡድን ግን የት አለ?"

"ሌላው ቡድንም እኔ ነኝ፣ ዱዓሌ።"

"እህ! ከራስህ ጋር ተጣልተህ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?"

በሁለተኛው ዓመት ዱዓሌ ራሱ ዱላ ጨበጠ። ቀጥለው ጫኞቹ መጡ። በነሐሴ ጎርፍ ወርዶ ዘጠኙንም ጣሳ ጠራርጎ ሲወስድ አቶ ሣህሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ክለቡ ለእድሳት ተዘግቷል" ብለው አወጁ። እኔን ሦስት ጊዜ ጋብዘውኛል። ሦስት ጊዜም ሥራ አለብኝ ብያለሁ። ሥራ ነበረብኝ፤ ውሸት አልነበረም።

ያን ጊዜ ዘወትር ሰኞ የውይይት ክበብ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። በዕለቱ ቅርንጫፉ ውስጥ የተገኘ ሠራተኛ ሁሉ፣ እንግዳም ቢሆን፣ ይካፈላል። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። ለዚህ ሥራ የመረጡኝ ታሪክ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ስለወጣሁና የሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ስለምጽፍ ነው። በዚህም እኮራ ነበር።

በጥር 1975 አንድ ሰኞ የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ክፍሉ ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ነገር ማንሣት ስላለባቸው የሚያነሡ ሰው ነበሩ።

"ጓድ ሣህሉ በየጠዋቱ ወዛደሮቻችንን እየሰበሰቡ ጎልፍ ያጫውታሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ይህ የቡርዣ ጨዋታ አይደለም ወይ? ግለ ሂስ ቢያደርጉ?"

አቶ ሣህሉ ኮታቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ ቡርዣው የሚጫወተው ሣር ላይ ነው። እኔ አሸዋ ላይ ነኝ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዱዓሌ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጓድ ክፍሉ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነክሰው ሊይዙት ሞከሩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። "በሉ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ ከሥራ ሰዓት በፊት ከሆነ ምን አለበት" ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ነገሩ እዚያው አበቃ። ወረቀት ላይ ባይሰፍር ኖሮ በእርግጥ አብቅቶ ነበር።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን በታይፕ መትቼ ለፊርማ አቀረብኩ። አቶ ሣህሉ የራሳቸውን ንግግር አነበቡ። ከሥሩ በቅንፍ ያሰፈርኩትንም አነበቡ፦ (ሰብሳቢውን ጓድ ክፍሉን ጨምሮ ተካፋዮች በሙሉ ሳቁ)።

"ወይዘሪት ሰርካዲስ፣ ይህችን ቅንፍ ብናወጣትስ?"

"አልተሳቀም?"

"ተስቋል።"

"ሰብሳቢውስ አልሳቁም?"

"ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያው ይጻፋል።"

ቅንፏን እንደገና አነበቡ። "ልክ ነዎት" አሉ በመጨረሻ። "እኔም ሚዛን አንድ ግራም ቢያጎድል ማንም ቢለማመጠኝ ማኅተም አልመታበትም።" ፈረሙ። ጓድ ክፍሉ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ሁልጊዜም ሳያነቡ ነበር የሚፈርሙት።

ቃለ ጉባኤው አዲስ አበባ ሲደርስ ያነበበው ሰው ያን የስብሰባ ቤት አላየም። አሸዋውንም፣ የዱዓሌን ጉልበትም አላየም። ያየው በግለ ሂስ ሰዓት የተቀለደ ቀልድና አብሮ የሳቀ ሰብሳቢ ነው። ጓድ ክፍሉን "ያብራሩ" አሏቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ለማዳን ሁለት ገጽ ጻፉ፤ በሁለቱም ገጽ ላይ ጥፋተኛው አቶ ሣህሉ ናቸው። በመጋቢት ደብዳቤ መጣ፦ አቶ ሣህሉ ከመስክ ሥራ ታግደው በዋናው መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድበዋል። ከእስር ጋር ሲያስተያዩት ቀላል ነው የሚል ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ልክ ነበር። ነገር ግን ለእሳቸው መስክ መውጣት ቀረ ማለት መጫወት ቀረ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለኪሳቸው የሚሆን ሜዳ የለም። ማንም የማይፈልገው መሬትም አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

በጥቅምት 1976 ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሐኪም ቤት እየተመላለሱ እንደሆነ፣ ሐኪሙም ሞቃት አገር ይስማማዎታል እንዳላቸው ከጠቀሱ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "የመጋዘናችሁ ሚዛን ተዛብቷል ብላችሁ አንድ መስመር ብትጽፉ፣ የእሱን ዓይነት የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ስለሌለ እኔኑ መላካቸው አይቀርም። ሦስት ቀን ይበቃኛል።"

ደብዳቤውን ይዤ መጋዘን ወረድኩ። ዱዓሌ ሰማኝ።

"ይዛባ እንዴ? ቀላል ነው! አንድ ጊዜ በእግሬ ልርገጠው፣ ወላሂ ሁለት ኪሎ ይሳሳታል። ሰውየው ይምጣ!"

"አይሆንም ዱዓሌ። አሁን ትክክል ነው ወይ?"

"ትክክል ነው።"

"እንግዲያው ተዛብቷል ብዬ አልጽፍም።"

"አቦ ሰርኬ፣ ወንድምሽ ማነው? ሣህሉ ነው ወይስ ሚዛኑ?"

ደብዳቤውን አጥፌ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ለአቶ ሣህሉ በዚያው ሳምንት መልስ ጻፍኩ፦ "ሚዛኑ በትክክል በመሥራት ላይ ስለሆነ ጥያቄዎን ለማስተናገድ አለመቻላችንን እንገልጻለን።" ቁጥርና ቀን ሰጥቼ፣ ግልባጩን ፋይል አድርጌ ላክሁ። አለመቻላችንን ብዬ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አልቻልኩም ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በየካቲት የአቶ ሣህሉን ሞት የሚያረዳ የሐዘን መግለጫ መጣ። ከፖስታ ያወጣሁት፣ ገቢ ደብዳቤ ብዬ ቁጥር የሰጠሁት፣ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዱዓሌ ማንበብ ስለማይችል ቀስ ብዬ አነበብኩለት።

"ሚዛኑስ?" አለኝ። "ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከሥራ ቃል በቀር አልነገረኝም። መብቱ ነበር። እኔም የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነበር።

ሰዎች ስለ እኔ ሲናገሩ ሰርካዲስ በወረቀት ላይ አትዋሽም ይላሉ። ጡረታ ስወጣም በምስጋና ወረቀቴ ላይ ይህንኑ አስፍረውታል። አሁን ማስተካከያ እንዲደረግበት እፈልጋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ዘበኛው የሚሞላው የባለጉዳይ መግቢያና መውጫ መዝገብ ነበር፤ ሲያልቅ እኔ ዘንድ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የ1976ን መዝገብ የከፈተ ሰው፣ ረቡዕ ጥቅምት 22 ቀን፣ ያን መልሴን በላክሁበት ሳምንት፣ ከገጹ ግርጌ በዘበኛው ሳይሆን በእኔ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር ያገኛል። የጻፍኳት የሐዘን መግለጫውን በለጠፍኩበት ቀን ነው። ስም፦ አቶ ሣህሉ። የመጡበት፦ አዲስ አበባ። ጉዳይ፦ ሚዛን ለመፈተሽ። የገቡበት ሰዓት፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት።

የወጡበት ሰዓት የሚለውን አልሞላሁትም።