አያ ተገኘ መኖራቸውን ለኮምፒውተር ስለማስረዳት

ዘንድሮ ኮምፒውተር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም አሉ። ቀን ከሌት ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን እያነበበ ማን ምን እንደሆነ በራሱ ይማራል፤ በስልኩ ለሚጠይቀው ሁሉም ይመልሳል። ደግ አደረገ። እኛ ማንበብ ከተውን ሰነበትን፤ አንዱ እንኳ ያንብብ እንጂ። ግን ማንበብና ማወቅ ከመቼ ወዲህ ነው አንድ የሆኑት?

ይህን የምጠይቀው በጎረቤቴ በአያ ተገኘ ምክንያት ነው። እዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጥንት መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች የቦታውን ታሪክ የሚያወሩ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ስማቸውም ፎቷቸውም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ልጅ አልወለዱም። ስሞት ማን ያስበኛል ብለው የቁም ተዝካር ደገሱ፤ ካህናቱ ጸለዩ፣ ድሃው በላ፣ ባለ ተዝካሩ ራሳቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ አስተናገዱ። የልባቸው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። በአባታቸው መሬት ተጣልተው ለዓመታት የተኳረፏቸው ወንድማቸው አያ ይርጋ፣ ለዚህ ቀን እንኳ ከይፋግ ይመጣሉ ብለው ነበር። አልመጡም።

ከድግሱ የበላ አንድ ጎረቤት ፎቶ ለጠፈና የአያ ተገኘ ተዝካር በደመቀ ሁኔታ ተከናወነ ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ አነበበ። ተዝካር የሚወጣው ለሙት ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ሞተዋል። ምን ይፈረድበታል? ሰው በቁሙ የራሱን ተዝካር እንደሚያበላ ማን ነገረው?

ብዙም ሳይቆይ የአያ ይርጋ ልጅ ስልኳን ስለ አጎቷ ብትጠይቀው አርፈዋል አላት። አያ ይርጋ ኩርፊያውን ጥለው፣ ወንድሜን ወንድሜን እያሉ፣ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ደረሱ። ሟች ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አያ ተገኘ ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ታረቁ ብዬ እንባዬ መጣ። አያ ይርጋ ግን፣ በድግስ ብትጠራኝ እንቢ ስልህ በሞት ጠራኸኝ ወይ ብለው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አያ ተገኘን እህል አልወርድ አላቸው። አንተ የተማርህ ነህ፣ አለመሞቴን ጻፍልኝ፣ ወንድሜ፣ ሞቴን አንተው አስወርተህ አታለልኸኝ እንዳለ እንዳይቀር ብለው ለመኑኝ። ለኮምፒውተሩ በቀጥታ ብነግረው፣ ስለ እርማቱ በትሕትና አመሰገነኝና በማግስቱ መልሶ ገደላቸው። የሚያምነው ያነበበውን ነዋ! ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ተባብረን በየገጹ «አያ ተገኘ በሕይወት አሉ፤ ሞቱ የሚባለው ሐሰት ነው» እያልን ጻፍን። ስለ መኖሩ ብቻ ይህን ያህል የተጻፈለት ሰው አላውቅም። እሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄዱ።

አንድ ጠዋት ስልኬን ብጠይቀው በሕይወት አሉ አለኝ። ላበሥራቸው ስሮጥ ከግቢያቸው የልቅሶ ድምፅ ተቀበለኝ።

መርዶ በስልክ አይነገርምና ወደ ይፋግ ሰው ላክን። ወንድም ሳይደርስ አፈር አናለብሳቸውም ብለን ቀብሩን አቆየነው። መልእክተኛው ብቻውን ተመለሰ። አያ ይርጋ መርዶውን ሲሰሙ አላለቀሱም አለን። ሁለተኛስ አልታለልም ብለው፣ ልጃቸውን ስልኩን ጠይቂው አሏት። ስልኩም እኛ የጻፍነውን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል አነበበላቸው።