ዋጋው ከሰላምታው በኋላ

ስልካችሁ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ «ውድ ደንበኛችን» አላችሁ? የእኔ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሦስቴ ብሎኛል። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ዓመት በዓል ካልሆነ እንዲህ አታቆላምጠኝም። ደግሞ መልስ ልስጥ ብትሉ ማን ሊሰማችሁ! የሚወዳችሁ ሁሉ ተናግሮ እብስ ነው።

እኔም ግን የዚሁ ሙያ ሰው ነኝ፤ አትሳቁ። አሶሳ የተመደብኩት ሒሳብ ላስተምር ቢሆንም፣ የሁለት ቀን የኦንላይን ግብይት ሥልጠና ወስጄ ሰርተፍኬቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። የሁለት ቀን ሥልጠና የወሰደ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ያገኘውን ሁሉ ካላሠለጠነ አያርፍም። እኔ ያገኘሁት ጎረቤቴን ሐጂ በሽርን ነው።

ሐጂ በሽር በራቸው ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሰው መነሳት ያስጠላዋል። ምን ዋጋ አለው፣ ከተማው በፕላስቲክ ወንበር ሲጥለቀለቅ የእሳቸው ሥራ ማንጎው ሥር ተደርድሮ ቀረ። ክረምቱ ደግሞ መጣሁ መጣሁ ይላል፤ ቀርከሃ ደጅ ሆኖ ዝናብ ከመታው አለቀለት።

«ዝናብ ሳይገባ ይሄ ካልተሸጠ፣ ኡስታዝ፣ ቢላዬን ጠቅልዬ መንጌ ገጠር፣ ወንድሜ ጋ እገባለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። ኡስታዝ የሚሉኝ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። እሳቸው ከሄዱ በየጠዋቱ «አንተ ደህና? ቤት ደህና? እናት ደህና? ብስክሌት ደህና?» እያለ ጎማዬን ሳይቀር ማን ይጠይቅልኛል?

በማግሥቱ በስልካቸው ቴሌግራም ላይ ገበያ ከፈትኩላቸው። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ሥልጠናው ላይ «ተፎካካሪህን አጥና» ስለተባልን፣ የፕላስቲክ ወንበር አስመጪ የሆነ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በየጠዋቱ መልእክት እንዲልክላቸው አስመዘገብኳቸው። በመጨረሻ የሙያውን ቁንጮ፣ በራሱ መልስ የሚሰጠውን ነገር፣ ጫንኩ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን። ዋጋ ለማወቅ 1ን ይላኩ።»

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ «ሰላም፣ ወንበሮቹ ዋጋቸው ስንት ነው?» ብላ ጻፈች። የጫንኩት መልስ ዓይን እስኪርገበገብ ደረሳት። ደረቴን ነፍቼ ሁለቱንም ለሐጂ አነበብኩላቸው። ቢላቸው ቀርከሃው ላይ ቆመ።

«ሴትዮው ሰላም አለኝ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እኔ ምን አልኩት?»

«1ን ይላኩ።»

ክው አሉ። «ሰው በሬ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ቁጥር አምጣ አልኩት? ወላሂ፣ አሰደብከኝ ኡስታዝ!»

ስልኩን ነጠቁኝና ድምፅ መቅዳት ጀመሩ። አራት ደቂቃ! የሴትዮዋን ጤና ጠየቁ፣ የቤቷን፣ የእናቷን፣ የእናቷን ጉልበት። አዲስ አበባ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁ። አሶሳ ማንጎ መድረሱን አበሠሩ። መረቁና ዘጉ።

«ዋጋውስ ሐጂ?» አልኩ።

«እሱ እኔን ገና መቼ ጠየቀ?»

በእሳቸው ዘንድ ሰላምታ ተራ አለው፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትጠይቃለህ፣ ሁለታችንም ስንጨርስ ዋጋ ይነሳል። ይህን በሥልጠናችን ላይ ያስረዳን አልነበረም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሴትዮዋ ድምፅዋ ጠፋ። ሰማዩ በባምባሲ በኩል ጠቆረ። እኔ በንዴት ጨስኩ፤ ያገኘነውን አንድ ደንበኛ በእናቷ ጉልበት ጥያቄ አባረርነው ብዬ ከሐጂ ጋር ለግማሽ ቀን ተኳረፍኩ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። እሱም በድምፅ።

«አባቴ፣ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ የእናቴ ጉልበት ብሶባት ሐኪም ቤት ነበርን። አሁን ተሻላት። እንዴት አወቁ ግን? ጎረቤቶቼ እንኳ አልጠየቁኝም እኮ!» ከዚያ በተራዋ ጀመረች፦ የሐጂን ጤና፣ ቤታቸውን፣ ማንጎውን። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው በእያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። መጨረሻ ላይ ፈራ ተባ እያለች፣ «አሁንስ ዋጋውን ብጠይቅ ነውር ነው?» አለች።

ሻይ ቤት ልትከፍት ኖሯል፤ ያለውን በሙሉ ወሰደችው። የሐጂንም ድምፅ ለወዳጆቿ ላከችው። ወንበሮቹ ተጭነው በሄዱ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ እኔም ባዶው ማንጎ ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን እየጨፈርኩ በሰበስኩ። አሁን ሐጂ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ፣ ከሰዓት ወንበር ነው ሥራቸው። መንጌ ቀረ። እኔም የጫንኩትን መልስ አጠፋሁ፤ ሰርተፍኬቴን ግን አላወረድኩም፤ ግድግዳው የተሰነጠቀው እሱ ጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አዲስ አበባ ልሄድ ስሰናበታቸው ሐጂ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው።

«ያ ፕላስቲክ ወንበር የሚሸጠው ሰው» አሉኝ፣ «በየቀኑ ‹ውድ ደንበኛችን፣ እንደምን አደሩ› ይለኛል። በየቀኑ እመልሳለሁ፤ ልጆቹን እጠይቃለሁ፣ ከብቱን እጠይቃለሁ። ዝም። ወር ሞላው፣ ኡስታዝ። ይሄ ሰው ደህና አይደለም።»

ማሽን ነው የሚያናግርዎ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ከዚያ ከፕላስቲክ ወንበሩ ወድቆ ይሆናል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ከኋላቸው አዲስ የቀርከሃ ወንበር አንስተው አሸከሙኝ። «ፈልገህ ስጥልኝ። ይሄ አይጥለውም።»