በሰው መዳብ የደመቀ ሰፈር

«በሰው ወርቅ አይደምቁም» ብሎ የተረተው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ አቃቂ አምጥቼ አንድ የሠርግ ሰሞን አስከርመው ነበር። እኛ ሰፈር በሰው ወርቅ ይደመቃል። በሰው ነጠላ፣ በሰው ድስት፣ በሰው አግዳሚ ወንበር፣ ሲቸግርም በሰው እንባ ይደመቃል። ምን ይደረግ? ለባቡሩና ለፋብሪካው ብሎ ከየአገሩ የመጣ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ነው። ሁሉም ሲመጣ አንድ አንድ ነገር ይዞ መጣ፤ አንዱ መጥረቢያ፣ አንዷ ሙቀጫ፣ አንዷ ሰፌድ። የጎደለውን ከጎረቤት ተዋሰ። ሰፈራችን የተሠራው እንዲህ ነው ብል የሚከራከረኝ የለም። ደግ ነገር ነው፤ እኔም ስዋስ ኖሬአለሁ። የመዋስን ክፋት ያወቅሁት የሚሸጥ ነገር ይዤ የወጣሁ ዕለት ነው።

እኔ ብዙ አልናገርም። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ግን አይሸጥምም።

በንጉሡ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበርኩ። እዚያ ቤት ጥጡ በአየር ላይ ይሄዳል፤ ሰውም ይተነፍሰዋል። ማታ ስገባ ሚስቴ አስካለ ከራሴ ላይ ብናኙን እየለቀመች «ዛሬስ ለጋቢ የሚበቃ ይዘህ መጣህ» ትለኝ ነበር። የራሴስ ይለቀማል፤ የደረቴን ማን ይልቀመው? ሳል ጀመረኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር ጀርባዬን አንኳኩቶ «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ከጥጡ ካልራቁ ጥጡ ከእርስዎ አይርቅም» አለኝ። ከጥጡ ርቄ በምን ልኑር? እሱን አልነገረኝም። ሐኪም የሚያውቀው የምትተወውን ነው፤ የምትይዘውን ሌላ ሰው ይንገርህ።

የነገረኝ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የፋብሪካው ሜካኒክ ነው። ይህ ሽማግሌ ጠርሙስ ፈጭቶ መዳብ ላይ ያቀልጥ ነበር። በጣሊያንኛ «ዝማልቶ» ይለዋል። መዳቡን እንደ ሳንቲም ክብ አድርገህ ትቆርጥና በሎሚና በጨው ታሸዋለህ። ጠርሙሱን ዱቄት እስኪሆን ትወቅጠዋለህ፤ በውሃ ለውሰህ መዳቡን ትቀባዋለህ፤ ሲደርቅ ከፍም ውስጥ ከተህ በወናፍ ትነፋለህ። ዱቄቱ መጀመሪያ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ልብህም አብሮ ይጠቁራል። ቆይቶ እንደ ማር ይተኛል፤ ስታወጣው ዓይን ሆኖ ያይሃል። ከዚያ ዙሪያውን በቀጭን የመዳብ ሽቦ እየጠመጠምክ፣ ያለ ምንም ብየዳ፣ በፒንሳ ብቻ አንዱን ከአንዱ ታያይዛለህ። ሽቦው ከየት ይመጣል? ተቃጥሎ ከተጣለ ሞተር ሆድ። ጠርሙሱስ? ጠርሙስ የማይሰበርበት አገር አለ እንዴ! ቡናማው ከቢራ ነው፣ አረንጓዴው ከወይን ጠጅ፣ ሰማያዊው ከመድኃኒት። ሰማያዊው ብርቅ ስለሆነ ሰፈሩ ታሞ እስኪድን መጠበቅ አለብህ።

ሽማግሌው ወደ አገሩ ሲሄድ ቀጭን አፍ ያላትን ፒንሳውን ትቶልኝ ሄደ። እንደሷ ያለች ፒንሳ ገበያ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። እሷን ይዤ ፋብሪካውን ለቀቅሁ።

አስካለ አላለቀሰችም። «የሚያስል ቢሆንም ደመወዝ ያለው ባል ነበረኝ» አለች። ቀጠለችና «ይህ ሽቦህ ካላበላን ወደ ጥጡ መመለስህ ነው፤ ከተመለስክ ደግሞ እኔ ነጠላዬን ጥቁር አስነክሬ ብጠብቅ ይሻላል» አለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ወይ ሽቦው ያበላናል፣ ወይ ጥጡ ይበላኛል።

አንድ ክረምት ሙሉ ስጠመጥም ከርሜ አንድ ድሪ ሠራሁ። መሐሉ ላይ ሰማያዊ፣ ግራና ቀኙ አረንጓዴ፣ ሽቦው እንደ ሐረግ የሚሄድ። ወናፍ የገዛሁ ሰሞን አንዳንዱ ጎረቤት ዓይኔን ፈርቶ ልጁን መሸሸግ ጀምሮ ነበር። ድሪው ካማረ በኋላ ግን ዓይኔን የፈራ የለም። ቢፈሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ ነበረው። ድሪውን በፋኖስ ብርጭቆና በሳሙና መካከል ሰቀለልኝ። ሴቶች እየመጡ ያያሉ፣ ይነካሉ፣ በእጃቸው ይመዝኑታል። «ስንት ጠገራ ብር ቀልጦበታል?» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ጌጥ ማለት የክፉ ቀን ስንቅ ነው፤ ሲቸግር ተሰብሮ ይሸጣል። የእኔ ቢሰበር የሚገኘው የመድኃኒት ጠርሙስ ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ልናገር? ሸምሱ ወደ እኔ ያያል፣ እኔ ወደ በሩ አያለሁ። «ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ነገር ይበሉ!» ሲለኝ «ይኸው ነው» አልኩ። በዚያ ሳምንት ከተናገርኩት ረጅሙ ይህ ነበር።

በመጨረሻ የገዙት እትዬ ብርቄ ናቸው። ከጣቢያው ጀርባ ጠላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከባቡሩ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ናቸው። የእህታቸው ልጅ ልትዳር ነበርና «ከሙሽራዋ ብበልጥ ማን ይከሰኛል?» ብለው አንገታቸው ላይ አድርገውት ሄዱ።

የሠርጉ ዕለት የበላሁት ምግብ ምን እንደነበር አላውቅም። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ የእትዬ ብርቄን አንገት ያያል። «ከየት አመጡት?» ሲሏቸው «ደምሴ ነዋ! ያ የማይናገረው!» እያሉ በጣታቸው ወደ ጥጌ ያመለክታሉ። አንዷ ደረቷን ይዛ «ለኔም ባደረገው» አለች። ሌላዋም አለች። ቤቴ ገብቼ አስካለን ደጁን ጥረጊ አልኳት። ነገ ሰው ይመጣል። ጠረገች፤ ውሃም ረጨችበት። በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። እውነትም መጡ! በተጠረገው ደጃችን አልፈው፣ «እንዴት አደራችሁ» ብለውን፣ ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄዱ። ሊዋሱ።

ከዚያ ወዲያ ያ ድሪ ቤቱ አድሮ አያውቅም። ክርስትና ሄደ፣ ማኅበር ሄደ፣ ዕርቅ ሄደ። አንዷ ባሏን ከሳ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ስትቀርብ አድርጋው ሄደች፤ ዳኛው ወደ እሷ አዘነበለ አሉ። ከዚያ በኋላ ባል ያላት ሁሉ ፈለገችው። ሳሪስ ፎቶ ቤት የሚሄዱት ደግሞ በተራ ነበር። የዚያን ዘመን የአቃቂን ፎቶ ግድግዳ ላይ ብታዩ፣ ፊቱ የተለያየ ነው እንጂ አንገቱ አንድ ነው።

እኔ ሌላ ሠራሁ። ጉትቻ ሠራሁ፣ የእጅ አምባር ሠራሁ፣ አነስ ያለ ድሪ ሠራሁ። «የእትዬ ብርቄ እያለ ምን ሲሆን እገዛለሁ?» ነው መልሱ። አንድ ቀን ከቃሊቲ አንዲት ደህና የለበሰች ሴት ስሜን እየጠየቀች መጣች። አስካለ ወንበር ጠረገች፤ እኔ ያለኝን ሁሉ ዘርግቼ አሳየሁ። ሴትዮዋ ሁሉንም አደነቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ፣ እንዲያው ከእትዬ ብርቄ ጋር ቢያማልዱኝ። እርስዎን እምቢ አይሉም፤ ለልጄ ክርስትና ድሪውን ያውሱኝ» አለች። ሄጄ አማለድኩላት። ምን ላድርግ? ደጄ ድረስ የመጣ ሰው ነው።

ሽቦው ሲላላም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «ሠሪው አንተ አይደለህ?» ይሉኛል። ጎረቤት ከጎረቤት ዋጋ ይጠይቃል? አጥብቄ እመልሳለሁ። የራሴን ገበያ በገዛ ፒንሳዬ አጠብቅ ነበር።

ሸምሱ አዘነልኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ በዚህ ሰፈር የምሸጠውን ይዩት» አለኝ። «ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ። ተውሰው የማይመልሱትን ብቻ ነው የምይዘው። ክብሪት እንኳ አልሄደልኝም፤ እሳት ይጫጫራሉ።» እንዲህ ያለ ምክር ድሪውን ሳልሠራ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እሱም እኔን አይቶ ነው የተማረው መሰለኝ።

ቆይቶ አንዷ ተውሳ ብዙ ስላዘገየች እትዬ ብርቄ ሕግ አወጡ፤ ያለ መያዣ ድሪ የለም። ነጠላ ያስያዘች አለች፣ ጀበና ያስያዘች አለች። አንዷ ዶሮ አስያዘች። ድሪው ሲመለስ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። እንቁላሉ የማን ነው? ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በእንቁላሉ ነገር ሲከራከሩ ዋሉ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ ተነሱ። «ለመሆኑ ድሪውን የሠራው ሰው ምን ይበላል?» ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ የለም።

እንዲህ እያለን ልጃችን የሺ ለአንድ የሳሪስ አናጢ ታጨች። ጥሎሽ የባል ነው፤ የአባት ግን የአባት ነው። የቀረኝን ሰማያዊ ጠርሙስ ሁሉ ወቀጥኩ። ሽቦውን ከመጀመሪያው ይልቅ አቀጠንኩት። እንደዚያ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሠራሁም። ስሰጣት ብዙ አየችው፣ ጉልበቴን ሳመች፣ አለቀሰች። ደስታ መስሎኝ ነበር። እናቷ ናት የገባት። «ምን ሆንሽ?» አለቻት።

የሺ «አባባ ያምራል፤ ከዚያኛውም ይበልጣል» አለች። «ግን አዲስ ነው። ሰው ምን ይላል? ‹እትዬ ብርቄ ምን አይተውባት ነው የነፈጓት?› ይሉኛል። እንኳን እኔ፣ የጣቢያው ዘበኛ ልጅም የእትዬ ብርቄን አድርጋ ነው የተዳረችው።»

ኮቴን ለበስኩ።

እትዬ ብርቄ ጠላ ቀዱልኝ። ጠጣሁ፤ ደገሙልኝ። ነገሩ ከአፌ እስኪወጣ ብርጭቆው ጎደለ። በመጨረሻ «ድሪውን ለየሺ ልዋስ» አልኩ። «አንተ ደግሞ!» አሉኝ፣ «ለየሺ? እሷ የኔስ ልጅ አይደለች? የራስህ ቤት ማለት ነው!» ደስ አለኝ። ከዚያ «መያዣውን ምን አመጣህ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ደምሴ ሙት፣ አንተን ሳላስይዝ ብሰጥ ነገ ሌላዋን ምን ብዬ አስይዛታለሁ? ‹ሠሪው ነኝ› ካልክ እኮ እሷም ‹ዘመድ ነኝ› ትላለች» አሉ። የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው። ኪሴን ብዳብስ ያለችኝ ፒንሳዬ ብቻ ናት። ሰጠኋቸው። እሳቸውም ድሪውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው «ውሃ እንዳይነካው። ቀስ ብለህ ያዘው፣ እናንተ ወንዶች የእንዲህ ያለ ነገር ዋጋ አታውቁም» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀስ ብዬ ያዝኩት።

ሠርጉ ደመቀ። የሺ እስክስታ ስትወርድ የድሪው መቆለፊያ ተከፈተ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ኪሴ ባዶ ነው። ድሪውን ላመጣ ብዬ የድሪውን መጠገኛ አስይዣለሁ። አስካለ ሮጣ በክር አሰረችው። ክሩ ከፋብሪካው የወጣ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት የሳሪስ አማች ሽማግሌ «እንዴት ያለ ጌጥ ነው! ይህን የሠራ እጁ ይባረክ። ለመሆኑ ማን ይሆን?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ጥያቄ መጣች። ልናገር አፌን ስከፍት ሳሌ ቀደመኝ። ሳሉ እስኪያልፍ ሽማግሌው ሌላ ጨዋታ ይዘዋል።

በማግስቱ ድሪውን መለስኩ። «ውይ፣ ፒንሳህን!» አሉ እትዬ ብርቄ። «የጣቢያው ዘበኛ ሚስት ሚስማር ልትነቅልበት ወስዳዋለች።» ወደ ዘበኛው ሚስት ሄድኩ። ለጋሪ ነጂው አውሳዋለች። ጋሪ ነጂው የፈረሱን ጫማ አጥብቆበት ለወንድሙ ሰጥቶታል። ወንድሙ «ግሩም ፒንሳ ናት! ይህ ሰፈር እስከ ዛሬ ያለሷ እንዴት ኖረ?» አለኝና ለማን እንደሰጣት ረሳው።

ያቺ ለሠርጉ የሠራኋት አዲሷ ድሪ ከየሺ ጋር ሳሪስ ሄዳ ነበር። እንግዲህ ሳሪስ ያየኛል፣ ሳሪስ ሰፊ ገበያ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፒንሳዬም እስከዚያ ዞራ ትመለሳለች። የሺ ልትጠይቀን ስትመጣ አንገቷን አየሁት፤ ባዶ ነው። «አባባ፣ አንገቴ ላይ አርፋም አታውቅ» አለችኝ እየሳቀች። «ጎረቤቶቼ በተራ ነው የሚዋሱኝ። እንዴት እንደወደዱኝ ቢያዩ!»

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ተነሳሁ። የፈትል ክፍሉ አለቃ በሩ ላይ ሲያየኝ «ጥጡ ናፈቀህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም እንደሁ አይነቅዝም። ማታ ቤቴ ስገባ አስካለ ብናኙን ከራሴ ላይ ለቀመች፤ ስለ ጋቢ ግን አልቀለደችም።

በዚያው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ብቅ አለች። «ጋሽ ደምሴ፣ መቼም እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ፒንሳ አያጡም፤ እስቲ ለአንድ አፍታ ያውሱኝ» አለችኝ።

ለእትዬ ብርቄ ያስያዝኩት ፒንሳ ሰፈር ውስጥ እየዞረ ነው፣ ጠይቂ አልኳት። አመስግናኝ ወጣች። እኔ ሁለት ነገር አከታትዬ አልናገርም፤ ያን ዕለት ግን ደጅ ድረስ ተከትያት ወጣሁና ጮክ ብዬ ጠራኋት።

«ስታገኚው» አልኳት፣ «ለእኔም ተራ ያዢልኝ።»