ፈረሱን ያቃናው ፀጉር አስተካካይ ዜና ድል

ታላቁ መስታወት በተሰነጠቀ በአራተኛው ዓመት፥ የመቀሶች ጌታ፥ የጢም ሁሉ ዳኛ፥ ጠማማ ነገር አይቶ እጁን መሰብሰብ የማይሆንለት ፀጉር አስተካካያችን ለሰፈሩ የቼዝ ውድድር ፍጻሜ ወጣ፤ ወእምቅድመዝ ሦስት ዓመት ሙሉ በሚስቱ ወንድም፥ በሒሳብ አስተማሪው፥ ድል ተነሥቶ ነበርና ባለቤቱ አዋጅ አስነገረች፦

«ዘንድሮም ወንድሜ ካሸነፈህ ያ ሰሌዳ ማገዶ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ሰሌዳውም አባቱ በእጁ ጠርቦ ያወረሰው ነበርና ጀግናው እጅግ ፈራ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ከሱቁ ተነሥቶ ተከተለው፦ ጉንጩ አረፋ የለበሰ አንዱ፥ ፎጣው ከአንገቱ ያልወረደለት ሁለተኛው፥ ግማሽ ራሱ ብቻ የተከረከመ ሦስተኛው። ዳኛ ሆኖ የተሰየመው ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስም ፊሽካውን ነፍቶ አወጀ፦

«ነክቶ መተው የለም! የራሱን የነካ ያንቀሳቅስ፥ የሰው የነካ ይብላ!»

ጦርነቱም በጋለ ጊዜ አስተማሪው ፈረሱን አጣምሞ፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ጀግናችን ታገሠ፤ እጁን ኪሱ ከተተ፥ ቀጥሎም ተቀመጠበት፤ ዳሩ ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፥ እጁ ሾልካ ወጥታ ፈረሱን እንደ ደንበኛ አገጭ በሁለት ጣት ይዛ አቃናችው። ፊሽካውም ተነፋ፦

«ይብላ!»

ፈረሱን ሊበላ የሚችል ከንግሥቲቱ በቀር አልነበረምና በላችው፤ አስተማሪውም እየሣቀ፥ ንጉሡን ይጠብቅ በነበረው ወታደር ንግሥቲቱን በላት። ያን ጊዜ ጀግናችን የአባቱ ሰሌዳ ሲነድ ታየው። ነገር ግን የአስተማሪው ሣቅ ድንገት ጠፍቶ ዓይኑ አንዲት ባዶ ካሬ ላይ ፈጠጠ፤ ጀግናችንም ዓይኑን ተከትሎ ቢመለከት ወታደሩ ትቶት የሄደውን በር አየ፥ ጳጳሱንም ላከበት፤ ንጉሡም መግቢያ መውጫ አጥቶ ማት ሆነ።

ኦ ጥበብ ዘኢይትነገር! ሕዝቡ «ንግሥቲቱን አውቆ ነው የሠዋት!» እያለ ሲያደንቅ፥ ጀግናችን በትሕትና እጅ ነሣ። ባለቤቱም ሰሌዳውን በገዛ እጇ ከስንጥቁ መስታወት አጠገብ ሰቀለችው፤ እርሱም ከወንበሩ ላይ ቆሞ አወጀ፦

«ከእንግዲህ ጠማማ ሁሉ በእጄ ይቃና!»

ዘመኑ ይርዘም፥ መቀሱ አይደንዝ፥ ጠላቱ ሁሉ ፈረሱን ያጣምም! ይህን ዜና የጻፍሁ እኔ ኃጥእ ገብሩ፥ ያ ሦስተኛው ነኝ፤ ጌታዬ ድሉን ሲተርክ እነሆ ሦስት ቀን ሆነው፥ ግማሽ ራሴም እንዳለ አለ። ነገ ልጄን እድራለሁ።