የጸደቀው ዓረፍተ ነገር

ዓረፍተ ነገር እንደ ዋዛ የሚጻፍ ነገር አለመሆኑን ከትምህርት ቤታችን በላይ የተረዳ ተቋም የለም። ሌላ ቦታ ልጆች እርሳስ ይይዛሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያጠፋሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዝርክርክነት የለም። እኛ ጋ መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል።

ነገሩ የተጀመረው ከበላይ መሥሪያ ቤት በመጣ መመሪያ ነው። ልጆች ዓረፍተ ነገር መጻፍን በግልጽ፣ ደረጃ በደረጃ ይማሩ ይላል። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ መጀመሪያ መምህሩ ጽፎ ያሳያል፤ ቀጥሎ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ልጆቹ ብቻቸውን ይጽፋሉ። ለሙከራ የተመረጠው ሁለተኛ ክፍል ነበር። የክፍሉ መምህርት ደግሞ ራሷም በሙከራ ላይ ያለች ወጣት ናት፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ልጆቹ ሲጽፉ ካዩ ቋሚ ትሆናለች፤ ካላዩ ሻንጣዋን ታነሳለች። እሷ ግን አርባ ሁለቱን ልጆች ጥላ መሄድ አልፈለገችም። ይህን ድክመቷን ዳይሬክተራችን በግል ማኅደሯ ላይ አስፍረውታል።

ዳይሬክተራችን አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። መምህርቷ ለማሳያ ያዘጋጀችውን «ድመቷ ወተት ጠጣች» የሚል ጽሑፍ እንዳዩ ወዲያው ኮሚቴውን ጠሩ።

«ድመቷ የማን ናት?» አሉ ምክትላቸው።

«የማንም አይደለችም። ድመት ናት» አለች መምህርቷ።

«ባለቤት የሌላት ድመት! ወተቱንስ ማን ሰጣት?»

«እሱን አልጻፍኩም።»

«አየሽ! ሰርቃ ቢሆንስ? ሕፃናቱን ሌብነት ልናስተምራቸው ነው?»

ክርክሩ አራት ስብሰባ ፈጀ። በሁለተኛው ስብሰባ ወተቱ በውሃ ይተካ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ውሃ የሚለው ቃል ከትምህርት ቤታችን ነባራዊ ሁኔታ አንጻር ጥያቄ ያስነሳል ተብሎ ወደቀ። በአራተኛው ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የጸደቀው የሚከተለው ነው፦ «ድመቷ በሚመለከተው አካል ሲፈቀድላት ወተት ትጠጣለች።»

«ልጆቹ እኮ ስምንት ዓመታቸው ነው» አለች መምህርቷ። «የሚመለከተው አካል ማን ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«እሱን ሦስተኛ ክፍል ይማሩታል» አሉ ዳይሬክተራችን።

«ብቻቸውን የሚጽፉትስ?»

«ይሄንኑ ነዋ! ብቻቸውን ይገለብጡታል። ማንም አያግዛቸውም።»

መምህርቷ ግን የክፍሏን በር እየዘጋች አጉል ነገር ትሠራ ነበር። ወንበር ገፍታ ትጥላለች። «ስለ ምንድን ነው የምናወራው?» ትላለች። «ስለ ወንበሩ!» ይላሉ ልጆቹ። «ምን ሆነ?» «ወደቀ!» ይህን ራሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ቀጥሎ በመስኮት ያዩትን አብረው ይጽፋሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይጽፋል። የተሳሳተ ካለ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላ ታሳየውና እንደገና ታስጽፈዋለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አንድም ቃለ ጉባኤ አልተያዘም!

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ግቢው ተጠረገ፤ ቧንቧው ተከፈተ፤ የጸደቀው ዓረፍተ ነገር በዳይሬክተራችን የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ሰፈረ። ዳይሬክተራችን «የዓረፍተ ነገር አጻጻፍን ከተበታተነ አካሄድ ወደ ተቀናጀ አካሄድ ከማሸጋገር አኳያ» ብለው የጀመሩትን ንግግር በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጨረሱ። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰሌዳውን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡ።

«ይሄ ይጥፋ» አሉ። «ልጆቹ ከራሳቸው ይጻፉ።»

ዳይሬክተራችን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአርባ ሁለት እርሳስ ድምፅ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ሲጨርሱ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ፀጉሯን ሁለት ቦታ የታሰረች ልጅ ተነስታ አነበበች።

«ዳይሬክተራችን እንግዳ ሲመጣ ቧንቧውን ይከፍታሉ።»

«ጎሽ!» አሉ ሱፐርቫይዘሩ ፊታቸው በርቶ። «እንግዳ በማይመጣበት ቀንስ?»

«እሱን አልጻፍኩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተባልነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ለዳይሬክተራችን አቀበሏቸው። «ስህተት አለበት?»

«የለበትም» አሉ ዳይሬክተራችን፣ የሞት ማስታወቂያ በሚያነብ ሰው ድምፅ። «አራት ነጥቡም በቦታው ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሩ። «አንተስ፣ ጎበዙ?»

«ሱፐርቫይዘሩ ከገቡ ጀምሮ ሰዓታቸውን አምስት ጊዜ አዩ።»

ሱፐርቫይዘሩ የኮታቸውን እጅጌ ወደ ታች ሳቡ። የቀሩትን አርባ ወረቀቶች ማንበብ ለትምህርት ጥራት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ ኃላፊዎች በፍጹም መግባባት ይሠሩ ጀመር።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ወጣ፤ ደግሞም ፍትሐዊ ነበር። መምህርቷ ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘች። ቋሚም ሆነች። እንዲህ ያለ ችሎታ በአንድ ክፍል ታጥሮ መባከን ስለሌለበት፣ በደረጃ እድገት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ የዓረፍተ ነገር ጥራት ማስተባበሪያ፣ አራተኛ ፎቅ ተዛወረች። ቢሮው ጠረጴዛ አለው፤ መጋረጃ አለው፤ የራሱ ማኅተም አለው። ልጅ የለውም።

«ልጆቹስ?» አለች ደብዳቤውን እንደያዘች።

«ምነው እህቴ፣ ቋሚ ልሁን አላልሽም?» አሉ ዳይሬክተራችን።

«ከነሱ ጋር ብዬ ነው እንጂ!»

«እሱ ቅጹ ላይ የለም።»

ሽኝቱ አርብ ተደረገ። ልጆቹ ለቲቸር ካርድ እንጻፍላት ብለው ዳይሬክተራችንን ለመኑ። ዳይሬክተራችን ሆደ ቡቡ ናቸውና እሺ አሉ፤ ጽሑፉን ግን አስቀድመው ማተሚያ ቤት አሳትመው አስመጡ፦ «ለተሰጠዎት እድገት እንኳን ደስ አለዎት።» ከግርጌው አርባ ሁለት ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ከጎኑ የማኅተም ቀለም ተቀምጧል። ሁሉም በየተራ ቀረበ። ያቺ ከሦስተኛው ረድፍ የተነሳች ልጅ ተራዋ ሲደርስ እርሳሷን ይዛ መጣች።

«እርሳሱን አስቀምጪው» አሉ ዳይሬክተራችን።

«እኔ እኮ መጻፍ እችላለሁ።»

«እናውቃለን፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ አውራ ጣቷንም በፍቅር ይዘው ቀለሙ ላይ ጫኑት።