በገዛ ኮምፒውተሬ ደጅ ጠናሁ

ሰው በገዛ ቤቱ ደጅ ሲጠና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ሰኞ ጠናሁ። መተዳደሪያዬ ሆጤ ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። የሰው አቤቱታ ስጽፍ ጸጉሬ ሸበተ፤ ለራሴ አቤት የምልበት ቀን ይመጣል ብዬ ግን በህልሜም አላሰብኩም።

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሬ ቀሰስ ሲልብኝ ለባለሙያ ወሰድኩት። "አዲሱ ሲስተም ይህን አይቀበልም፤ የደህንነት ቺፕ የለውም" አለኝ። እንዴ! ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ሌላ ምን ያድርግ? "ቢሆንም አያሟላም።" ቀንዱ አጠረ ተብሎ ጤነኛ በሬ ከጥማድ ሲወጣ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ገዛሁ። ባለሙያው አካውንት የሚሉትን መግቢያም ከፍቶ ሰጠኝ።

እኔ የነካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን። ማመልከቻ ላይ የፈረንጅ ቀን አልወድም፤ እንደ አሮጌው ሁሉ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ እኛው ዘመን መለስኩትና ዘጋሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሰኞ ጠዋት ሸህ ሰይድ ከኩታበር መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱትን ማሳ "ያንተ ለመሆኑ ማስረጃህ የታለ?" ተብለው በጎረቤታቸው ተረትተዋል። የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ያን ዕለት ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "ቀንዎ ትክክል አይደለም፤ ማንነትዎን ማረጋገጥ አልተቻለም" አለኝ። ቀኑን ላስተካክል ብል መጀመሪያ ግባ ይላል፤ ልግባ ብል መጀመሪያ ቀኑን አስተካክል ይላል። ክው አልኩ።

"ምን ይላል?" አሉኝ ሸህ ሰይድ።

"ማን መሆንህን አረጋግጥ ነው የሚለኝ።"

"በገዛ ዕቃህ?"

"በገዛ ዕቃዬ።"

"ወላሂ፣ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር!"

ካርቦን ደርቤ በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው። እጄ እስክሪብቶ ከረሳ ቆይቷል፣ ፊደሉ ተንጋደደ፤ ደግነቱ ይነበባል። የጣት አሻራቸውን አኑረው ወደ ፍርድ ቤት ሮጡ።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ተመለሱ። እኔ እዚያው፣ በዚያው የኮምፒውተር መስኮት ፊት ተገትሬያለሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ የእኔን ተቀበሉኝ። ያንተስ ነገር እንዴት ሆነ፣ ልጄ?"

"የእኔማ፣ ሸህ፣ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው።"