የአርብ ቀን ብልሽቶች

በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ በአንድ አርብ ረፋድ፣ በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የቆመ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የውስጥ ግድግዳው ታጠበ። ጠዋት ላይ ግድግዳው በአማርኛ ጽሑፍ ተሞልቶ ነበር፤ እኩለ ቀን ሲሆን አንድም አልቀረም። አጣቢው ጋሼ ኢድሪስ ነበሩ። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ ዜናውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ስም ያልጻፈ ሰው አላውቅም። እርስዎም ቢሆኑ የሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በኮምፓስ ጫፍ የቀረጹት ስም ይኖራል፤ የራስዎ ካልሆነ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ስናደርገው ትዝታ ይባላል፤ ሌላው ሲያደርገው ጥፋት። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ የጻፈውን ሰው መጠየቅ ነው። መጠየቅ ሥራዬ ነው። ያን ዕለት አልጠየቅኩም።

ጋሼ ኢድሪስ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። ከዚያው ከድሬዳዋ የባቡር ጥገና ጋራዥ ተነስተው ጅቡቲ ላይ የፉርጎ ተቆጣጣሪ እስከ መሆን ደርሰዋል። ባቡሩ ቆሞ ሌላው ሠራተኛ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እሳቸው ቁልፉን የሚረከባቸው ሰው አጡና ቀሩ። ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች አንዱ ተመርጦ ለሕዝብ መታያ ይቆማል፣ የቀሩት ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ይሄዳሉ የሚል ወሬ ነበር። እሳቸው እንዲተርፍ የፈለጉት ያንን ፉርጎ ነው። በወጣትነታቸው መጀመሪያ ጠግነው የፈረሙለት እሱ ነው ይባላል፤ ሲጠየቁ ግን ስለ እንጨቱ ጥራት ብቻ ያወራሉ። የባሕሩን ጨው በዘይት፣ ድንጋይ ወርዋሪውን በቁጣ ተከላክለውለታል። ያቃታቸው ጽሑፉ ነበር።

ጸሐፊዎቹ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ቤቶች እያደሩ የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ናቸው። አርብ ከሰዓት ሲለቀቁ የካርቲየ ሰባት ሰፈር ካፌዎች በወንድና በጫት የተሞሉ ናቸው። ፉርጎው ግን ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ አዛዥ የለበትም። አንዷ በከሰል፣ ሌላዋ በእስክሪብቶ፣ አንዳንዷም በጥፍር ቀለም ትጽፋለች። እኔ በዜናዬ «ትርጉም የለሽ ሙንጭርጭር» ብዬዋለሁ። ጋሼ ኢድሪስ ወደዱልኝ፤ ከጋዜጣው ቆርጠው የክፍላቸው በር ላይ ለጠፉት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሉባባ የምትባል ሴት ከድሬዳዋ መጣች። ታናሽ እህቷን ራሂማን ፍለጋ ነው። ራሂማ ከቀድሞ አሠሪዎቿ ቤት ከወጣች አምስት ወር ሆኗታል፤ ስልኳ አይሠራም። አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ፣ አዲሱን ቤቷን ፉርጎው ላይ ጽፋዋለች ብላ ነው ሉባባን ወደ ጣቢያው የላከቻት። የገባኝ ያኔ ነው። አሠሪ ስልክ ሲቀማ፣ ቤት ሲቀየር፣ ሴቶቹ የት እንዳሉ የሚነጋገሩት በዚያ ግድግዳ ነበር። ስም፣ ሰፈር፣ የበር ቀለም። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ አንብቤዋለሁ።

ሉባባ አልጮኸችም። መዳፏን ንጹሑ እንጨት ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እህቴን አጠቧት» አለች።

ጋሼ ኢድሪስ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«የቱ ጋ ነው የጻፈችው አሉሽ?»

«በባሕሩ በኩል፣ ሦስተኛው መስኮት ሥር።»

«ቁጭ በይ ልጄ።»

እዚህ ላይ አንድ የምድር ባቡር ደንብ ልንገርዎ። ያልተመዘገበ ብልሽት አይጠገንም። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ቀኑን፣ የፉርጎውን ቁጥር፣ ቦታውንና የጉዳቱን ዓይነት ይጽፋል፤ ተጠግኖ ሲያልቅ በመጨረሻው ዓምድ ይፈርማል። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም ደንቡ መሻሩን ለጋሼ ኢድሪስ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ማጠቢያ ጨርቁን ከማንሳታቸው በፊት እያንዳንዱን ጽሑፍ «የጉዳቱ ዓይነት» በሚለው ሥር ፊደል በፊደል ገልብጠውት ነበር። መዝገቡን ከክፍላቸው አምጥተው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ አነበቡላት።

«በጥፍር ቀለም። ራሂማ። ሆዳን፣ ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።»

አብረን ሄድን። በሩ ሰማያዊ ነበር። ራሂማ እጇ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ ወጣች። እህቷን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ።

«እማ ምን ሆነች?» አለች።

«እማ ደህና ናት። ያጣነው አንቺን ነው።»

በሚቀጥለው አርብ ጋሼ ኢድሪስ ሴቶቹን ፉርጎው ደረጃ ሥር ሰበሰቧቸው። ግድግዳው ላይ መጻፍ ክልክል መሆኑን፣ የሚጻፍ ያላት ግን እሳቸው ዘንድ መጥታ መዝገብ ላይ መግባት እንደምትችል ነገሯቸው።

«ምን ብለው ሊመዘግቡን ነው?» አለች አንዷ።

«ብልሽት ብዬ።»

«ማዳሜም የምትለኝ እሱኑ ነው። ይጻፉኝ።»

ሳቁ። ተሰለፉም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው እንደ መስታወት ሆነ፤ መዝገቡ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ።

አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ሥራ ሊጀምር ሲቃረብ የሚተርፈውን ፉርጎ የሚመርጠው ቡድን መጣ። የጋሼ ኢድሪስን ፉርጎ ውስጡ ገብተው እንጨቱን ዳሰሱ፤ ተደነቁ። ከዚያ የጥገና መዝገቡን ጠየቁ። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። አማርኛውን ባያነቡም የቅጹን ፈረንሳይኛ ያነባሉ። በወረቀቱ መሠረት ያ ፉርጎ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየአርቡ፣ ጉዳት ደርሶበታል። ከመጀመሪያው እጥበት በቀር የጥገናው ዓምድ ባዶ ነው። ጋሼ ኢድሪስ ለሴቶቹ አዝነው ያልደረሰን ጉዳት መመዝገብ ችለዋል፤ ያልሠሩትን ጥገና መፈረም ግን አልቻሉም።

የቡድኑ መሪ መዝገቡ ትክክለኛ መሆኑን ጠየቃቸው። አይደለም ቢሉ ፉርጎው ይተርፋል፤ መዝገቡ ግን ሐሰተኛ ሰነድ ተብሎ ከነሴቶቹ አድራሻ ይወሰዳል። መዝገቡን ዘጉት።

«ትክክል ነው» አሉ።

ሌላ ፉርጎ ተመረጠ። ቀለሙ የተላላጠ፣ መዝገቡ ግን ንጹሕ። ውሳኔው በሰነድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ጽፌ ዜናውን ላክሁ። አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም።

ፉርጎው ለመቆረጥ ከመወሰዱ በፊት በነበረው የመጨረሻ አርብ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ ከውስጥ ቆመው ግድግዳውን ያያሉ። በሦስተኛው መስኮት ሥር፣ በጥቁር ቀለም፣ ከመዝገቡ በማውቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ሰፍሯል፦ «ኢድሪስ። ካርቲየ ሰባት፣ ከመስጊዱ ጎን፣ አረንጓዴ በር።»

ወደ ቤታቸው ሊወስዱት የጠቀለሉትን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ጋሼ ኢድሪስን ጠየቅኳቸው። ቀኑ፣ የፉርጎው ቁጥር፣ ቦታው ሁሉም ተሟልቷል። በጉዳቱ ዓይነት ሥር የራሳቸው ስም አለ። የጥገናው ዓምድ ባዶ ነው።